ፓወር ቢአይ ልማር ወይስ ቪኤስ ኮድ?

ጠያቂ፣ ከሜክሲኮ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ በሚገኝ የንግድ ድርጅት በሒሳብ ክፍል እሠራለሁ፤ በየወሩ የ4 ቅርንጫፎችን ሽያጭ ከኤክሴል እየለቀምኩ ለሥራ አስኪያጁ በግራፍ አቀርባለሁ። አንዱ ባልደረባዬ ፓወር ቢአይን (የሪፖርትና የግራፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም)፣ ሌላው ቪኤስ ኮድን ጭኜ እንድማር መከሩኝ። ትርፍ ጊዜዬ ጥቂት ስለሆነ በየትኛው ብጀምር ይሻላል?

ምላሽ፣ ከፒያሳ፦
በቅድሚያ ሁለቱ አቻ አይደሉም። ቪኤስ ኮድ ኮድ መጻፊያ እንጂ በራሱ ግራፍ አይሠራም፤ ግራፉን የሚያወጡት ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋና እንደ ማትፕሎትሊብ ያሉ ላይብረሪዎች (ተዘጋጅተው የሚገኙ የኮድ ስብስቦች) ስለሆኑ ምርጫዎ በፓወር ቢአይና በፓይተን መካከል ነው። ኮድ ጽፈው የማያውቁ ከሆነ በፓወር ቢአይ ይጀምሩ። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ ነጻ ነው፣ የሚሠራው ግን በዊንዶውስ ብቻ ነው። ሪፖርቱን በኢንተርኔት ለማጋራት የሚከፈልበት ፈቃድ ቢያስፈልግም፣ ለአንድ ሥራ አስኪያጅ ፒዲኤፍ ይበቃል።

ምላሽ፣ ከአራት ኪሎ፦
እስማማለሁ፤ እኔን ያደከመኝ ግን የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ፓወር ቢአይ ቀኑን በራሱ ሲከፋፍል በፈረንጆቹ ወር ነው፤ የበጀት ዓመታችን መጀመሪያ ሐምሌ 1 ደግሞ ጁላይ 8 ላይ ስለሚውል የሐምሌ ሽያጭ ለጁላይና ለኦገስት ይቆረሳል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር ያለው ሠንጠረዥ በኤክሴል አዘጋጅቶ፣ የኢትዮጵያውን ወር ስምና ተራ ቁጥሩን ጽፎ፣ ከሽያጩ ጋር ማያያዝ ነው። ተራ ቁጥሩን የዘለልኩ ጊዜ ወሮቹ በፊደል ተራ ተሰልፈው መጋቢት ከመስከረም ቀጥሎ ቁጭ አለ። ጳጉሜንም 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ስላላት ሽያጩ የወደቀ ያስመስላል፤ እኔ ከነሐሴ ጋር እደምራታለሁ።

ጠያቂ፦
እናመሰግናለን። የእኛ ሥራ አስኪያጅ ጳጉሜንን ለብቻዋ ማየት ይፈልጋሉ፤ ይህ በፓይተን ይቀል ይሆን?

ምላሽ፣ ከፒያሳ፦
አይቀልም። የጳጉሜንን ድምር ለቀኖቿ ቁጥር አካፍለው የቀን አማካይ ያሳዩ፤ ይህ በሁለቱም ይሠራል። እንዲያውም ማትፕሎትሊብ ይዞት የሚመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው፣ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት ጭነው በኮዱ ካልጠሩት የወሮቹ ስም ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ለጊዜው የቅርንጫፎቹን ፋይሎች በአንድ ፎልደር ያስቀምጡ፤ ፓወር ቢአይ ያገጣጥማቸዋል፣ የዓምዶቹ ስም ግን በአራቱም ፋይሎች አንድ ዓይነት ሆኖ መጻፍ አለበት።