«ማንም አይሰማውም» ስለተባለው የግብር ተመላሽ መዋጮ

የፌርፋክስ ጎረቤት፦
ባለፈው እሑድ እዚህ ሎስ አንጀለስ በተደረገ የማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ አንድ ተናጋሪ፣ ቤት ለዋሉ አረጋውያን ለሚታደለው ምግብ ተጨማሪ ግብር መጠየቅ እንደማያስፈልግ፣ ሰው ሁሉ ከግብር ተመላሹ (በዓመቱ ከተቆረጠበት ግብር ትርፍ ሆኖ ከሚመለስለት ገንዘብ) ላይ አምስትም አሥርም ዶላር ቢተው «ማንም አይሰማውም» ሲሉ ሰምቼ እስካሁን ይቆጨኛል። የሰው የዕለት ጉርስ ማንም በማይሰማው ገንዘብ ከተሰፈረ፣ ገንዘቡ የቀረ ዕለትም ማንም አይሰማውም ማለት ነው።

ሒሳብ ሠሪ፦
አሠራሩ አዲስ ስላልሆነ ተናጋሪውን ባንኮንናቸው ደስ ይለኛል። በካሊፎርኒያ የገቢ ግብር መሙያ 540 ቅጽ ላይ ለቤተሰቦች ድንገተኛ የምግብ እርዳታ በፈቃድ የሚሰጥበት መስመር ኖሯል፤ በካንሳስ ቅጽ ላይ ደግሞ ለአረጋውያን ቤት ለቤት ለሚታደል ምግብ ራሱን የቻለ መስመር አለ። ከአንድ ዶላር ጀምሮ መስጠት ይቻላል፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመላሽ የሌለው ሰውም ከሚከፍለው ላይ ጨምሮ ይሰጣል። በየዓመቱ ብዙ ሰው ቅጽ ስሞላለት መስመሩን ካላሳየሁት በቀር የሚያየው የለም፤ ሳሳየው ግን እምቢ የሚለኝ ጥቂት ነው።

የፓርኪንግ ሠራተኛ፦
ወንድሜ፣ እኔ ይሰማኛል። ተመላሽ የሚባለው ከደመወዜ ቀድሞ የተቆረጠ የራሴ ገንዘብ ነው፤ የካቲት ላይ ሲገባልኝ የመኪናዬ ጎማና የልጄ የጥርስ ሐኪም ይጠብቁታል። ከዚያ ላይ አሥር ዶላር ብሰጥ አውቄና ጎድሎብኝ ነው የምሰጠው። በእውነት የማይሰማ ከሆነ፣ በሕግ ከሁሉም ላይ እንደ አቅሙ የማይሰበሰበው ለምንድን ነው?

ሒሳብ ሠሪ፦
ሕግማ አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው የአረጋውያን ሕግ ላይ በ1972 የምግብ አገልግሎት ተጨምሮበት፣ ዕድሜው 60 የሞላ ሰው ያለ ክፍያ እንዲመገብ ፌዴራል መንግሥት ይመድባል። የተመደበው ስላልበቃ ነው ተራ የሚጠብቅ ሰው ያለው። ምክር ቤቱ እስኪጨምር ድረስ በእጃችን ያለውን መስመር እንተወው?

የፌርፋክስ ጎረቤት፦
እንተወው አላልኩም። ነገር ግን በካሊፎርኒያ አንድ አዲስ ፈንድ (የመዋጮ መስመር) ቅጹ ላይ ለመቆየት በዓመት 250,000 ዶላር መሰብሰብ እንዳለበት እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ሰጪ ካነሰ መስመሩ ይሰረዛል፤ ረሃቡ ግን አብሮት አይሰረዝም። ምግብ ከብርቅዬ እንስሳት ጥበቃ ጋር በአንድ ገጽ ተሰልፎ የሰውን ዓይን እስኪስብ የሚጠብቅበት አሠራር ለእኔ ሥርዓት አይደለም።

ሰንበቴ፦
አገራችንን ረሳችሁት። እኛ እኮ በመዋጮ የኖርን ሰዎች ነን፤ ማኅበሩም ዝክሩም እድሩም መንግሥት ሳይጠይቀን የቆመ ነው። በፈቃድ የሚሰጥ ነገር በረከት አለው፤ በግዴታ የተሰበሰበ ግን የሰጪውን ልብ ያርቃል።

የፓርኪንግ ሠራተኛ፦
እድርን ለዚህ ምስክር አድርገው ባይጠሩት ይሻላል። አባቴ የእድር ጸሐፊ ስለነበሩ መዝገቡን አይቼዋለሁ፤ ወርኃዊው መዋጮ የታወቀ ነው፣ ያሳለፈ ይቀጣል፣ ደጋግሞ ያልከፈለ ይሰረዛል። ድንኳኑ በሌሊት የሚደርሰው ሰው በዚያ ቀን ቸርነት ስለተሰማው ሳይሆን አስቀድሞ ሁሉም ስለከፈለ ነው።

ሰንበቴ፦
እድር የገባ ሰው ወዶ ነው የገባው፤ ቅጣቱንም ወዶ ነው የተቀበለው። ግብር እንደዚያ አይደለም።

የእማማ ልጅ፦
ሁላችሁም ስለ ሰጪው ትከራከራላችሁ፤ እኔ ከተቀባይ ቤት ነው የምጽፈው። እናቴ 78 ዓመቷ ነው፤ ምሳዋን የሚያመጣላት ሰው ሁለት ጊዜ አንኳክቶ፣ በምርኩዝ እየተራመደች እስክትከፍት ቆሞ ይጠብቃል፤ ፊቷን ሳያይ ሳህኑን ደጃፍ ላይ ጥሎ ሄዶ አያውቅም። ዓርብ ዶሮ ከመጣ እሷ ስለምትጾም ለጎረቤቷ ትሰጠዋለች፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ቀኑን ሙሉ የማትደውልልኝ እናቴ በሕይወት መኖሯን የሚያይልኝ ያ ሰው ነው። እሱ በየሳምንቱ የሚመጣው፣ በሚያዝያ ሰዎች ቅጽ ሲሞሉ ልባቸው በራራበት መጠን ከሆነ፣ እኔ እንቅልፍ የለኝም።

ሒሳብ ሠሪ፦
እማማን ዕድሜ ይስጥልን። ቢሆንም አሥር ሰው አሥር አሥር ዶላር ቢሰጥ ከተራ ጠባቂዎቹ አንዱ ቢያንስ ጥቂት ቀን ይመገባል፤ ይህን በጎ ነገር በአንድ ቃል ምክንያት ማጣጣል አይገባም።

የእማማ ልጅ፦
ቃሉን እንተወው ካላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ከምግቡ ጋር በፈቃድ የሚዋጣበት ፖስታ ይመጣል፤ ያልከፈለ አይከለከልም። እናቴ ግን ከምታገኘው ትንሽ ድጎማ ላይ በየሳምንቱ ሁለት ዶላር አጥፋ ታስገባበታለች፤ ተዪው ብላት አትሰማኝም። በዚያ ሳምንት አንድ ነገር ሳትገዛ ትቀራለች። ስብሰባው ላይ የተናገሩት ሰውዬ ይህን ፖስታ አይተውት ያውቃሉ?

ሰንበቴ፦
እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ እማማ በፈቃዳቸው ሰጡ።

የፌርፋክስ ጎረቤት፦
ሰጡ፤ ተሰማቸውም።