ልጆች ራሳቸው ዳኛ የሚሆኑበት የመጽሐፍ ሽልማት በትምህርት ቤታችን እንዴት እንጀምር?

የመጻሕፍት ጠባቂዋ (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። ጉለሌ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። መደርደሪያዎቻችን ባዶ አይደሉም። በእርዳታ የመጡ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ግድግዳውን ሞልተውታል፤ ብዙዎቹ ግን እንደ አዲስነታቸው አሉ። የ4ኛ ክፍል ልጅ በበረዶ ላይ ስለሚንሸራተቱ ልጆች በእንግሊዝኛ የተጻፈ ታሪክ ይዞ ሁለተኛው ገጽ ላይ ይደክማል። የአማርኛ የተረትና የታሪክ መጻሕፍቱ አንድ መደርደሪያ አይሞሉም፤ እነሱ ግን ጥራዛቸው እስኪፈታ ይነበባሉ። በፕላስተር እየለጠፍሁ ነው የማቆያቸው።

ባለፈው ዓመት በንባብ ክበባችን "ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን ብንሸልም የትኛውን ትመርጣላችሁ?" ብዬ ጠየቅሁ። ክርክሩ የእረፍት ማብቂያ ደወል ተደውሎም አላባራም። መምህራን ሁሉ የሚያመሰግኑትን አንድ መጽሐፍ አንዲት የ5ኛ ክፍል ተማሪ "ልጁ ምንም አያደርግም፤ ትልልቆቹ ብቻ ናቸው የሚናገሩት" ብላ ጣለችው። ሌላው ልጅ ደግሞ በታሪኩ ውስጥ ጥቁር የተባለችው ፍየል በሥዕሉ ላይ ቡናማ መሆኗን ገጹን ገልጦ አሳየን። እኔ የማውቃቸው የመጽሐፍ ሽልማቶች የሚዳኙት በአዋቂዎች ነው፤ እንዲህ ተጠንቅቀው የሚያነቡ ልጆች ግን የመፍረድ መብት ሊያገኙ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ርእሰ መምህሩ ሐሳቡን ወደውታል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዕጩዎቹን ማን ይምረጥ? መምህራንና ወላጆች የልጆቹን ድምፅ እንዳይመሩትስ ምን ይደረግ? ከሁሉም በላይ፣ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ወይም ሁለት ቅጂ ብቻ እያለን፣ ያውም ተማሪው በፈረቃ እየተማረ፣ ሁሉም እንዴት ያንብበው? በሌላ አገር እንዲህ ያለውን በቅርብ ያያችሁ ካላችሁ እባካችሁ አሠራሩን በዝርዝር ንገሩኝ።

እናት ከቶሮንቶ

እህቴ፣ ስለ ፍየሏ ያነሱትን ለልጆቼ አነበብሁላቸው፤ ልጁን አድንቀውታል። እኔ ልጆቼ በሚማሩበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በበጎ ፈቃድ ስለማግዝ ያየሁትን ላካፍልዎ።

እዚህ ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ውስጥ "ፎረስት ኦፍ ሪዲንግ" (የንባብ ደን) የሚባል መርሐ ግብር አለ። የሚያካሂደው የኦንታሪዮ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ሲሆን የጀመረውም በፈረንጆቹ 1994 ነው። ያኔ የነበረው "ሲልቨር በርች" የተባለ አንድ ሽልማት ነበር፤ ዛሬ በየዕድሜው ተከፋፍሎ ሁሉም በዛፍ ስም ይጠራል። ለትንንሾቹ "ብሉ ስፕሩስ"፣ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል "ሬድ ሜፕል"፣ ለሁለተኛ ደረጃ "ዋይት ፓይን" አለ።

ዕጩዎቹን የሚመርጡት አዋቂዎች ናቸው። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች አንብበው ተከራክረው ለየዘርፉ አብዛኛውን ጊዜ አሥር መጻሕፍት ያወጣሉ። ልጆች የበረዶውን ወራት ሙሉ ሲያነቡ ይቆዩና በሚያዝያ አካባቢ ድምፅ ይሰጣሉ። እዚያ ላይ አዋቂ እጁን አያስገባም።

የዚህ ሁሉ ምሰሶ ግን አንድ ሕግ ነው፦ ድምፅ የሚሰጠው ከአሥሩ ቢያንስ አምስቱን ያነበበ ልጅ ብቻ ነው። ልጄ አንድ ዓመት አራት ላይ ቆማ የድምፅ መስጫ ወረቀት ተከለከለች። አኩርፋ መጣች። የቤተ መጻሕፍቷ ባለሙያ "ለአንቺ ካላላሁት አምስቱን የጨረሱትን ምን ልላቸው ነው?" ብላታለች፤ እኔም ከባለሙያዋ ጎን ቆምሁ። ይህን ሕግ ለማንም ብለው እንዳያላሉት አደራ። ሕጉ ባይኖር ልጆች የጓደኛቸውን ምርጫ ወይም ሽፋኑ ያማረውን ይመርጣሉ፤ ሽልማቱም የሽፋን ሽልማት ይሆናል። አምስት ያነበበ ልጅ ግን የሚያወዳድርበት ነገር አለው። ወላጆች ይመሩታል ስላሉትም መልሱ ከሞላ ጎደል እዚሁ ላይ ነው፤ አምስት መጽሐፍ አንብቦ የራሱን የያዘ ልጅ በቀላሉ አይመራም።

ሌላም ልብ እንዲሉት የምፈልገው አለ። ዕጩዎቹ የካናዳ ሥራዎች ናቸው። ካናዳ ከጎኗ ያለችው አሜሪካ በመጻሕፍት ታጥለቀልቃታለች፤ ልጆች የአገራቸውን ደራሲ ስም ሳያውቁ ሊያድጉ ይችሉ ነበር። በዚህ ሽልማት ምክንያት ግን በግንቦት ቶሮንቶ ውስጥ ሐይቁ ዳር በተደረገው በዓል ላይ ልጆች በእጃቸው የሠሩትን ሰሌዳ ከፍ አድርገው ለደራሲ ሲጮኹ አይቻለሁ፤ ለኳስ ተጫዋች እንደሚጮኸው ማለት ነው። እርስዎ የነገሩን መደርደሪያ በእርዳታ መጻሕፍት የተሞላ ነው። ዕጩዎችዎን በአማርኛ የተጻፉ ብቻ ያድርጓቸው። ልጁ ሊፈርድ የሚችለው በደንብ በሚያውቀው ቋንቋ ነው።

መምህሩ ከዳላስ

ስለ ቅጂ እጥረት አንድ ነገር ልጨምር። ቴክሳስ ውስጥ "ብሉቦኔት" የሚባል የልጆች ምርጫ ሽልማት አለ፤ በፈረንጆቹ 1979 ተቋቁሞ በ1981 ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ። ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ከ20 ዕጩዎች ቢያንስ 5 ካነበቡ በጥር ድምፅ ይሰጣሉ። ለእርስዎ የሚጠቅመው፣ መጽሐፉ ጮክ ተብሎ ሲነበብለት የሰማ ልጅም እንዳነበበ ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ቅጂ ለአንድ ክፍል ይበቃል፤ መምህሩ በየቀኑ ጥቂት ገጽ ያንብብላቸው።

ሠዓሊው (አዲስ አበባ)

የልጆች መጻሕፍት ሥዕል እሠራለሁ። ስለ ፍየሏ የተባለው እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሥዕሉን የምንጀምረው ጽሑፉ ሳያልቅ ነው፣ በኋላም የሚያመሳክረው ሰው አይኖርም። ልጅ ግን ያመሳክራል።

በመጻሕፍት ዐውደ ርእይ ላይ ከጠረጴዛ ኋላ ቆሜ ደጋግሜ የማየውን ልንገራችሁ። ልጁ አንድ መጽሐፍ ያነሣል፣ ሥዕሉን እያየ ይስቃል። አባት ይቀበለውና የመጨረሻውን ገጽ ይገልጣል፤ ምክሩን ይፈልጋል። ምክር ካላገኘ መልሶ ያስቀምጠዋል። አሳታሚም ይህን ስለሚያውቅ "መጨረሻው ላይ ትምህርት ይግባበት" ይላል። የሚገዛው አዋቂ ስለሆነ የሚጻፈውም ለአዋቂ ነው። የ5ኛ ክፍሏ ተማሪ "ትልልቆቹ ብቻ ናቸው የሚናገሩት" ያለችው የዚህን ውጤት ነው። ልጆች የሚፈርዱበት ሽልማት ቢኖር፣ ትንሽም ቢሆን፣ ደራሲው ሲጽፍ የሚያስበው ስለ ሌላ አንባቢ ይሆናል። ለእኔ ይህ ከሽልማቱ ገንዘብ በጣም ይበልጣል።

እናት ከቶሮንቶ

ወንድሜ፣ በአንድ ነገር አልስማማም። ምክር ያለበትን ልጆች ይጠላሉ ማለት አይቻልም። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ሲተርኩ ምክር ያልነበረበት ጊዜ የለም፤ እኛ ግን ዐይናችንን ሳንነቅል እናይ ነበር። ጅቡን ሲሆኑ ጅብ፣ አሮጊቷን ሲሆኑ አሮጊት ነበሩ። ልጅ የሚሸሸው ታሪክ የሌለውን ምክር ነው። ለዚህም ነው ፍርዱ ለልጆቹ ይሁን የምለው፤ ሁለቱን ከእኛ በተሻለ ይለያሉ።

አንባቢ ከፍራንክፈርት

እኔ ደግሞ የጅምላ ድምፅ ባይኖር እመርጣለሁ። ጀርመን ውስጥ በፈረንጆቹ 1956 የተቋቋመ የመንግሥት የልጆችና የወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ሽልማት አለ። ከ2003 ጀምሮ ከአዋቂ ዳኞቹ ጎን የወጣቶች ዳኝነት ተጨምሮበታል፤ በአገሪቱ የተለያዩ ቦታዎች ያሉ ስድስት የንባብ ክበቦች የዓመቱን መጻሕፍት አንብበው የራሳቸውን ዕጩዎችና የራሳቸውን አሸናፊ ይመርጣሉ። ዕጩዎቹ በመጋቢት ላይፕዚግ ላይ፣ አሸናፊው በጥቅምት በፍራንክፈርት የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ ላይ ይገለጻሉ። ወጣቶቹ ለምን እንደመረጡም በጽሑፍ ያስረዳሉ።

እኔን የሚማርከኝ ይህ ማስረዳት ነው። ድምፅ ሲቆጠር የሚቀረው ቁጥር ብቻ ነው። የእርስዎ ልጅ ግን ፍየሏን ያገኘው በክርክር መካከል ነው። ክበቡ ሃያ ልጅ ቢኖረው፣ ሃያው ሁሉንም ዕጩዎች አንብቦ ቢከራከርና ብይኑን ቢጽፍ፣ በቅጂም አይቸገሩም።

የመጻሕፍት ጠባቂዋ (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከርእሰ መምህሩና ከአማርኛ መምህራን ጋር ተነጋግረን እንዲህ ወስነናል። ዕጩዎቹ ስድስት የአማርኛ መጻሕፍት ይሆናሉ፤ የምንመርጣቸው እኔና ሁለት መምህራን ነን። ከኅዳር ጀምሮ መምህራኑ በየክፍሉ ጮክ ብለው ያነቧቸዋል፤ ሦስቱን ያነበበ ወይም የሰማ ልጅ ድምፅ ይሰጣል፤ ለዚህም እያንዳንዱ ተማሪ የሚፈረምበት ካርድ ይኖረዋል። ድምፅ የሚሰጠው ከፈተና በፊት በግንቦት መጀመሪያ ነው፤ ወረቀቱን የሚያድሉትም የሚቆጥሩትም የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ መምህር አይገባም። የንባብ ክበቡ ደግሞ ስድስቱንም አንብቦ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ብይን ይጽፋል፣ በሚኒ ሚዲያም ያነብበዋል። ስለዚህ የቶሮንቶውንም የፍራንክፈርቱንም ይዘናል ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ልጆቹ ጠንከር ያለ ትችት ይጽፋሉ። ያላሸነፉት ደራስያንና ሠዓሊዎችስ ብይኑ ይድረሳቸው? ወይስ ለአሸናፊው ብቻ እንላክ?

ሠዓሊው (አዲስ አበባ)

ለሁላችንም ይላኩ፣ ሳይለዝብ፣ በልጆቹ እጅ ጽሑፍ። ከሠራኋቸው መካከል በዕጩነት የገባ ካለ ከእጄ ያሉትን ቅጂዎች ትምህርት ቤቱ ድረስ አመጣለሁ። ልጆቹ ከፈቀዱም የፍየሏን ቀለም ላገኘው ልጅ የአዲሱን መጽሐፌን ረቂቅ ሥዕሎች ከኅትመት በፊት ላሳየው እፈልጋለሁ።