ውሻ ለመከተብ ማላዊ ወይስ ጎዋ? የሄደ ሰው ካለ ይንገረኝ

የዘንዘልማዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ባሕር ዳር ነኝ። የእንስሳት ሕክምና ተመርቄ ሥራ እየጠበቅሁ ነው። አሁን የማግዝበት ክሊኒክ ውስጥ ከላም፣ ከበግና ከዶሮ አላልፍም፤ ውሻ ይዞ የሚመጣ ሰው ብርቅ ነው።

ሰሞኑን ሚሽን ሬቢስ ስለሚባል፣ ሬቢስን (የእብድ ውሻ በሽታን) ስለሚከላከል ድርጅት ሳነብ ነበር። መሠረቱ እንግሊዝ ነው፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የተጀመረ። ማላዊ ውስጥና ሕንድ ጎዋ ላይ የውሻ ክትባት ዘመቻ ሲያካሂዱ ከውጭ በጎ ፈቃደኞች ይቀበላሉ። ማመልከት አምሮኛል ግን ግራ ገብቶኛል። በጎ ፈቃደኛው ቲኬቱንም ቪዛውንም ራሱ ይችላል፣ በዚያ ላይ የተሳትፎ ክፍያ አለ። ነፃ ለማገልገል መክፈል ምን የሚሉት ነገር ነው? ደግሞስ እውነት ሥራ ያሠራሉ ወይስ ከቡችላ ጋር ፎቶ ተነስቶ መመለስ ነው?

እናቴ ደግሞ ጨርሳ አልሰማም ብላለች። «ውሻ ለመውጋት ባሕር ትሻገሪያለሽ? እዚህ በራችን ላይ የሚያላዝነው አነሰሽ?» ነው መልሷ። እውነት ለመናገር መልስ አጣሁላት።

የሄደ ሰው ካለ ሳያሳምር ይንገረኝ።

ብላንታየር ደርሼ፦

እኔ ማላዊ ሄጃለሁ። ፎቶውን እርሺው፣ ፎቶ ለመነሳት እጅሽ ንጹሕ የሚሆንበት ሰዓት የለም።

ሌሊት 11 ሰዓት ትነሺያለሽ። አይስ ቦክሱን ትሞያለሽ፣ ሲሪንጅ ትቆጥሪያለሽ፣ ከዚያ ፒክአፕ ላይ ተጭነሽ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሜዳ። ቅዳሜና እሑድ ሕዝቡ ራሱ ነው ውሻውን ይዞ የሚመጣው፣ በተለይ ልጆች። ገመድ ያለው በገመድ፣ የሌለው በሽቦ፣ በአሮጌ መቀነት፣ አንዱ ልጅማ በአባቱ ክራቫት አስሮ አምጥቶ ነበር። ውሾቹ ተሰልፈው አያውቁም፤ ሰልፉ መሐል አንድ ጠብ ከተነሳ ያ ሁሉ ልጅ ገመዱን ለቅቆ ይበትናል፣ እንደገና ከዜሮ። መርፌው ራሱ ምንም አይደለም። ማጅራቱ ላይ ያለውን ልል ቆዳ ብድግ ታደርጊና ከቆዳው ሥር ትሰጫለሽ፣ አለቀ። ከዚያ አንዱ ቀለም ይቀባዋል፣ ሌላው ስልኩ ላይ ይመዘግበዋል፦ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ባለቤት አለው የለውም፣ ቦታው የት ነው። በሥራ ቀናት ደግሞ ቤት ለቤት ነው፣ እግርሽን ይፈትነዋል።

ዋናው ትምህርት ያለው ግን ከዚያ በኋላ ነው። የተከተበው ሰፈር ውስጥ ተመልሰሽ ትዞሪና መንገድ ላይ ያየሽውን ውሻ ሁሉ ትቆጥሪያለሽ፣ ቀለም ያለውና የሌለው እየተባለ። ከ10 ውሻ 7ቱ ቀለም ካላቸው ሰፈሩ ተዘጋ። ካልሞላ በማግስቱ ተመልሰሽ ትሄጂያለሽ፣ ቢደክምሽም ባይደክምሽም። 70 በመቶ የሚባለው ቁጥር ከዚህ ነው የሚመጣው፤ እዚያ ከደረሰ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉ ይቆረጣል። በ2015 እ.ኤ.አ. የማላዊ ከተማ ብላንታየር ላይ በ20 የሥራ ቀን 35,000 ገደማ ውሻ የከተቡት በዚህ ዓይነት አሠራር ነው። እኛ ትምህርት ቤት ስለ ቫይረሱ አንድ መጽሐፍ ሙሉ ተምረን ስለዚህ ግን አንድ ገጽ አላየንም።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ለመኝታና ለምግብሽ፣ ለመኪናው፣ የተረፈው ለዘመቻው ነው የሚውለው። ቅር አይበልሽ፣ ግን ሥራውን የተሸከሙት የአገሩ ልጆች ናቸው። አንቺ ተጨማሪ እጅ ነሽ። ይህን አውቀሽ ከሄድሽ ደስ ይልሻል፤ ልታድኛቸው ከሄድሽ ግን ታዝኛለሽ።

ጎዋ ከማላዊ ይለያል፣ ይህንን ከመምረጥሽ በፊት እወቂ። እዚያ ብዙው ባለቤት የለሽ የመንገድ ውሻ ስለሆነ ልጅ ይዞልሽ አይመጣም። ረጅም እጀታ ባለው መረብ ሮጦ መያዝ ነው። መያዣ ቡድኑ የሠለጠነ ነው፣ አንቺ ከኋላ መርፌ ይዘሽ ትሮጫለሽ። ዘመቻው የሠራው ሥራ ግን የዋዛ አይደለም፤ ጎዋ በ2021 እ.ኤ.አ. ከሕንድ ግዛቶች ሬቢስን በቁጥጥር ሥር ያዋለች የመጀመሪያዋ ተብላለች።

ሲስተር ፋሲሎ፦

እህቴ፣ ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት ራስሽ ተከተቢ። ነርስ ነኝ፣ በቀልድ የምናገረው አይደለም። ሳይነከሱ አስቀድሞ የሚወሰድ ክትባት አለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት አሁን የሚመክረው ሁለት ጊዜ ነው፦ ዛሬ አንድ፣ በ7ኛው ቀን ሌላ። እነሱም ያለዚያ ውሻ አያስነኩሽም። ስትጠይቂ አዲሱ ዓይነት ክትባት መሆኑን አረጋግጪ። ከበግ አንጎል ይሠራ የነበረውን፣ ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋውን የድሮውን አንቺ ባታስታውሺው እናትሽ ታስታውሰዋለች፤ እሱን የዓለም ጤና ድርጅት ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቅር እያለ ነው።

ከተከተብሽ በኋላም ብትነከሺ ነፃ ነኝ ብለሽ አትቀመጪ። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥቢያለሽ፣ ሰዓት ይዘሽ፣ ምክንያቱም ሰው 15 ደቂቃ ብሎ 2 ደቂቃ ነው የሚያጥበው። ከዚያ ሁለት መርፌ ብቻ ይጨመርልሻል፣ በዕለቱና በ3ኛው ቀን። ያልተከተበ ሰው ግን ከዚያ በላይ መርፌና ቁስሉ ከከፋ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባለውን፣ ክትባቱ እስኪሠራ ቫይረሱን የሚከላከለውን መርፌ፣ ይፈልጋል፣ እሱን ደግሞ ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ስቃይ ነው።

መቼም ርዕሱ ከተነሳ አንድ ነገር ልበል። እኛ ጋ የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ባህል ሐኪም ጋ ደርሶ ነው። የምድር እምቧይ ሥር ጠጥቶ፣ ሳምንት ቆይቶ፣ «ተሽሎኛል ለማረጋገጫ ነው» ብሎ። መድኃኒቱ ሠራ የሚባለው ለምን መሰላችሁ? የነከሰው ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም። ያበደ ነክሶትም በሽታው የማይዘው ሰው አለ። በሽታው ራሱ ደግሞ ለመታየት ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይወስዳል፣ እስከዚያ ሰውየው ደኅና ነው፣ ምስጋናውን ባህል ሐኪሙ ይወስደዋል። ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን የማንም መድኃኒት አይመልሰውም። ጠበልም ሂዱ፣ እኔም እሄዳለሁ፣ ግን ቁስሉን ታጥባችሁ ክትባቱን ጀምራችሁ ሂዱ። የነከሳችሁንም ውሻ ወዲያው አትግደሉት፣ ማሰር ከተቻለ 10 ቀን ታስሮ ይታይ።

ቆረሶ ጥብስ፦

እኔ ግን የእናትሽን ጥያቄ ነው የምደግፈው። ጣና ዳር ዓሣ የሚወርድበት ቦታ ጠዋት ሂጂና ቁሚ እስኪ። የአምባዛ ጭንቅላት የሚጠብቅ ውሻ ከዓሣ ገዢው ይበልጣል። ቄራ አካባቢማ ተዪው፣ ማታ ባጃጁ ራሱ ፈርቶ ነው የሚያልፈው። እኛ እዚህ እየተነከስን አንቺ ለማላዊ ውሻ ቲኬት ትቆርጫለሽ። በዚያ ገንዘብ ስንት ክትባት ይገዛል? ለፈረንጅ ሲቪ ማሳመሪያ ነው፣ ለእኛ ግን ቅንጦት ነው።

የዘንዘልማዋ፦

@ቆረሶ ጥብስ ቅንጦት ያልከው ትንሽ አመመኝ ግን መልስ የለኝም 😅 እሺ ክትባቱን ገዛሁ እንበል። ውሻውን ማን ይይዝልኛል?

የከብቱ ሐኪም፦

ጥያቄውን አገኘሽው። እኔ መንግሥት ቤት የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ወረዳውን አልጠቅስም።

ቆረሶ ጥብስ የሚለው ገንዘብ ቢገኝ እንኳ አንድ ሰው ብልቃጥ ይዞ ቢወጣ 30 ውሻ ወግቶ ይመለሳል፣ 30 ውሻ ደግሞ ለበሽታው ምንም ማለት አይደለም። ወይ 70 በመቶ ነው ወይ ብክነት ነው። በየዓመቱ ደግሞ መደገም አለበት፣ ምክንያቱም ውሻ ይሞታል፣ ይወለዳል፣ የዘንድሮው ክትባት ያላገኘው ቡችላ ከርሞ ትልቅ ውሻ ነው።

እዚህ የለመድነው መርዝ ነው። ስንት ቦታ ሥጋ ላይ መርዝ ተደርጎ ውሻ ሲለቀም አይቻለሁ። ለአንድ ሰሞን ጸጥ ይላል። ከዚያ ምግቡ እስካለ ድረስ ከጎን ሰፈር ሌላ ውሻ ይመጣል፣ የመጣው ደግሞ ያልተከተበ ነው። ከሁሉ የሚያናድደው መርዙ መጀመሪያ የሚያገኘው የሰው እጅ የለመደውን፣ የተከተበውን ውሻ ነው።

አሁን ስለ ማላዊ። ልጆች ውሻ በክራቫት ጎትተው መጡ የተባለውን አንብቤ ሳቄ መጣ፣ ቀናሁም። እኛ ጋ ውሻ የሚያቅፍ ልጅ ማን አለ? ውሻ የነካ እጁን ታጠብ የሚባልበት አገር ነው። ባለቤቱ ራሱ ውሻውን ይመግባል እንጂ ገመድ አስገብቶበት አያውቅም። ቀን ታስሮ ማታ ይለቀቃል ወይም ጭራሽ አይታሰርም። ስለዚህ ሜዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተን «አምጡ» ብንል የሚመጣው ጥቂት ነው፣ ሞክረነዋል። ለእኛ የሚሠራው በጠዋት፣ ሌሊት የተለቀቀው ውሻ ገና ሲታሰር ቤት ለቤት መሄድ ነው። ማስታወቂያውን ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ ቢናገሩልሽ ከማንኛውም ሞንታርቦ ይበልጣል። መከተቢያውን ግን ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ራቅ አድርጊው፣ ውሻ ወደ ቅጥሩ እንዲጠጋ የሚፈቅድ የለም።

ስለዚህ ሂጂ ነው የምለው። ለመርፌው ከሆነ አትሂጂ፣ መርፌ እዚሁ ታውቂያለሽ። ካርታው እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ቡድን እንዴት እንደሚመደብ፣ ማታ ቁጥሩ እንዴት እንደሚታይ፣ ያልሞላ ሰፈር ላይ ማን እንደሚወስን፣ እሱን ዓይተሽ ነይ። ጎዋ ላይ መረብ አያያዝም ተማሪ፣ ለዓሣ ማውረጃውና ለቄራው ውሾች እሱ ነው የሚያስፈልገን።

ደግሞ ቀኑም ተመቻችቶልናል። የዓለም የሬቢስ ቀን ሴፕቴምበር 28 ነው፣ የሬቢስን ክትባት የሠራው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር የሞተበት ቀን። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ የመስቀል ማግስት ይውላል። ሰው ሁሉ ቤቱ ነው፣ የበዓል አጥንት ስላለም ውሻው ከግቢው አይርቅም። ለዘመቻ እንደዚህ ያለ ቀን የት ይገኛል?

የዘጌ ቡና፦

እኛም ጋ ኑ ለማለት ነው። ዘጌ ውሻው ለጦጣና ለሌባ ነው የሚቀመጠው፣ እንግዳ አይወድም። በጀልባ ወርዳችሁ መረብ ይዛችሁ ጫካው ውስጥ ብትገቡ ሩቅ አትሄዱም። መንደሩን የሚያውቅ ልጅ ከፊት ይቅደም፣ ውሻውን ባለቤቱ ራሱ በሁለት ጉልበቱ መሐል አጥብቆ ይያዘው፣ እናንተ ከኋላ። ባለቤቱ ከሌለ እለፉት፣ ማታ ተመለሱ። የክትባቱን ማቀዝቀዣ በረዶም አስቡበት፣ ጀልባው ሞተሩ ጠፍቶ መሐል ላይ ከቆመ ፀሐዩ አይምርም፣ ክትባቱ ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚፈልገው ሲባል ሰምቻለሁ።

ቆረሶ ጥብስ፦

እሺ ተሸነፍኩ አልልም ግን ዶክተሩ ያሉት ገብቶኛል። ስትመለሺ የዓሣ ማውረጃውን ውሾች በስም አስተዋውቅሻለሁ። አንዱ የተቆረጠ ጆሮ ያለው አለ፣ እሱን ከያዝሽ ምሳ በእኔ።

የዘንዘልማዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማላዊን መርጫለሁ፣ ቤት ለቤቱን ማየት ስለምፈልግ። እናቴን የሲስተርን መልስ አነበብኩላት፣ የባሰ ፈራች 😂 ግን ለክትባቱ ገንዘብ እሷው ሰጠችኝ። አንድ ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ «የበጎ ፈቃድ ጉዞ ከነቪዛው እንጨርሳለን» የሚል ሰው አግኝቻለሁ፣ ቅድሚያ ክፍያ ይላል። ይታመናል?

ብላንታየር ደርሼ፦

እንዳትከፍዪ! ማመልከቻው በቀጥታ በድርጅቱ ድረ ገጽ ነው፣ መሐል ላይ ደላላ የለም። የግብዣ ደብዳቤውን እነሱ ይልኩልሻል፣ ቪዛውን በእሱ ትጠይቂያለሽ። ዲግሪሽን ስካን አድርገሽ ያዢ፣ ግን እዚያ በራስሽ ፈቃድ አትሠሪም፣ በአገሩ ሐኪም ሥር ነው። የቢጫ ወባ ካርድሽንም አውጪ፣ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ማላዊም ሕንድም ይጠይቃሉ። ካርዱ የሚጸናው ከተወጋሽ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻ ሳምንት አታቆይው። ጫማ ደግሞ የተለመደ ውሰጂ፣ አዲስ አትግዢ።

ሽምብጥ ሰፈር፦

ከርዕሱ ወጣሁ መሰለኝ ይቅርታ፣ የእኔ ቡችላ 2 ወሩ ነው፣ ይከተባል ወይስ ትንሽ ነው?

የከብቱ ሐኪም፦

ብልቃጡ ላይ ብዙ ጊዜ ከ3 ወር ጀምሮ ይላል። በዘመቻ ላይ ግን ከዚያ በታች ያሉትንም እንከትባለን፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ ነው፣ አምልጦ ከሚቀር ይሻላል። አንተ ጊዜ ስላለህ 3 ወር ሲሞላው አምጣው፣ በዓመቱ ድገምለት። እስከዚያ ከግቢ አታውጣው። ስታመጣው ደግሞ በገመድ፣ በእጅህ አቅፈህ ባጃጅ ላይ እንዳትወጣ።