ሰፊ ቤት ገባን፣ ዕዳው ግን ንቅንቅ አላለም፤ ትርፍ ብከፍል ያዋጣኛል?

የአሳ ነጋዴዋ (ጠያቂ)
እንዴት ዋላችሁ ወገኖች። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። አምና አባይ ማዶ የነበረችንን ትንሽ ቤት ሸጠን ሽምብጥ አካባቢ ሰፋ ያለ ቤት ገዛን። ልጆቹ አደጉ፣ እናቴም ከገጠር መጣች፣ ሁለት ክፍል አልበቃ አለን። የጎደለንን 2 ሚሊዮን ብር ከባንክ ተበደርን፤ በ20 ዓመት የሚከፈል፣ ወለዱ 16 በመቶ። በወር 27,825 ብር እንከፍላለን። አንድም ወር አሳልፈን አናውቅም።

ሰሞኑን ስቴትመንት አስወጣሁ። በ12 ወር 333,900 ብር ከፍለናል። ዕዳው የቀነሰው ግን 15,000 ብር እንኳ አይሞላም! ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ባለቤቴ «ተሳስተሻል» ብሎ ካልኩሌተሩን ቀማኝ። ደመረና ዝም አለ።

አሁን ዓቢይ ጾም ሊገባ ነው። የእኛ ገበያ የሚሞቀው ያኔ ነው፤ ቆሮሶውም አምባዛውም ሳያድር ያልቃል። ፋሲካ ሲደርስ 60,000 ብር ያህል እጄ ላይ ይተርፋል ብዬ አስባለሁ። ለባንኩ በትርፍ ልክፈለው? እቁብ ልግባበት? ባለቤቴ ደግሞ ትልቅ ፍሪዘር እንግዛ ይላል።

የፔዳው መምህር
እህቴ፣ ስሌቱ አልተሳሳተም። ወለድ የሚታሰበው በቀረው ዕዳ ላይ ነው። የ2 ሚሊዮን 16 በመቶ በዓመት 320,000 ይሆናል፤ በወር 26,667። ይህን ከ27,825 ላይ ቀንሺው። በመጀመሪያው ወር ዋናውን ዕዳ የነካው 1,158 ብር ብቻ ነበር። የቀረው ሁሉ ወለድ ነው። ዛሬም ቢሆን ዋናው ላይ የሚያርፈው ከ1,400 ብር አይበልጥም።

ትርፍ ክፍያ ጉልበት የሚኖረው ለዚህ ነው። 60,000 ብርሽ በሙሉ ዋናው ላይ ካረፈና ወርሃዊ ክፍያሽ ባለበት ከቀጠለ፣ ከመጨረሻው 35 ወር ገደማ ይቆረጥልሻል። ሦስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው! ይህንኑ 60,000 ዕዳው ሊያልቅ ሲል ብትከፍይው ሁለት ወር ከምናምን ቢቆርጥ ነው። ትርፍ የሚከፈለው በጊዜ ነው።

ባለ ሱቁ
መምህር፣ ሒሳቡስ ልክ ነው። ግን ያ 35 ወር የሚቆረጠው ከጫፉ ነው። እህታችን ጥቅሙን የምታየው ከ16 ዓመት በኋላ ነው። ያኔ 27,825 ብር ምን ይገዛል? በ2016 ሐምሌ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ነበር። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ 100 ዘለለ። ብር ሲረክስ ዕዳም አብሮ ይረክሳል። እኔ ብሆን ፍሪዘሩን ነበር የምገዛው።

የፔዳው መምህር
ዕዳው የሚቀለው ገቢ አብሮ ሲያድግ ነው። የእሷ አሳ ዋጋው ይጨምራል፤ የእኔን ደሞዝ ግን ባታነሳው ይሻላል። ፍሪዘሩም ቢሆን በዓመት ከዋጋው 16 በመቶ በላይ የተጣራ ትርፍ ካስገባ ይገዛ። መብራት ሲጠፋ የሚበላሸውንም አሳ ደምሩበት።

የተቃጠልኩት
እታለም፣ ከመክፈልሽ በፊት የእኔን ስሚ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። 80,000 ብር ይዤ ሄድኩ፣ ብድሩ ሒሳብ ውስጥ አስገባሁ፣ ደረሰኝ ተቀበልኩ፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከወራት በኋላ ስቴትመንት ሳስወጣ ዋናው ዕዳ እንደነበረ ነው። ባንኩ ብሬን እንደ ቅድሚያ ክፍያ ይዞ፣ ወር በደረሰ ቁጥር መደበኛውን ክፍያ ከዚያው ሲቆርጥ ከርሟል። እኔ ደግሞ «ተከፍሏል» የሚል መልእክት በመጣ ቁጥር እደሰት ነበር።

ስለዚህ በቃል አትነጋገሪ። ማመልከቻ ጻፊ። «ይህ ገንዘብ በሙሉ ከዋናው ዕዳ ይቀነስልኝ፣ ወርሃዊ ክፍያው ባለበት ይቀጥል፣ የመክፈያ ጊዜው ይጠርልኝ» በይ። ጊዜው ይጠር ካላልሽ ወርሃዊውን ዝቅ አድርገው 20 ዓመቱን እንዳለ ሊተዉት ይችላሉ። ኮፒው ላይ ማኅተም አስመቺ። የወሩን ክፍያ በከፈልሽበት ቀን ብታደርጊው ደግሞ የተጠራቀመ ወለድ አይሻማሽም። አዲሱን የመክፈያ ሰሌዳ ሳትቀበዪ ከወንበሩ እንዳትነሺ። ውሉንም አንብቢው፤ ቀድሞ ለሚከፍል ሰው ቅጣት አለው ወይ? ወለዱን ባንኩ መቀየር ይችላል ወይ? የእኔ ውል ላይ ሁለቱም ነበሩ፤ ስፈርም አላየኋቸውም።

እናት ዓለም
ልጄ፣ ሁሉም ስለ ወለድ አወሩ። ጣና ላይ ነፋስ ተነስቶ ታንኳ ሳይወጣ ሲቀር ምን ትሸጫለሽ? መንገድ ሲዘጋስ? ዋናው ላይ ያረፈ ብር ተመልሶ አይመጣም። ባንክ ሄደሽ «ባለፈው የሰጠኋችሁን መልሱልኝ፣ እናቴ ታማለች» ብትይ ማን ይሰማሻል? የሦስት ወር ክፍያ ብቻ 83,475 ብር ነው። እሱን መጀመሪያ ለብቻው አስቀምጪ። ቁጠባ 7 በመቶ፣ ዕዳ 16 በመቶ መሆኑን አውቃለሁ። ልዩነቱን የእንቅልፍ ዋጋ በዪው።

እቁቡ አይከፋም፤ ግን ዕጣው መጨረሻ ላይ ከደረሰሽ ብርሽ ዓመቱን ሙሉ ለሌላ ሰው ሲሠራ ይከርማል። ደግሞስ አዲሱ ቤት ሰርቪስ የለውም?

የአሳ ነጋዴዋ
አለው እማማ! ሁለት ክፍል ነው። አንዱ ውስጥ የድሮው ቤት ዕቃ ተከምሯል። የተሰበረ ቁም ሣጥን ሳይቀር ተሸክመን መጥተናል።

የፔዳው መምህር
እሱን አውጥተሽ አከራዪው። በወር 5,000 ብር ቢገባና ከ27,825 ላይ ብትጨምሪው፣ የቀረሽ 19 ዓመት ወደ 10 ዓመት ከ4 ወር ይወርዳል። በጠቅላላ ከ2.2 ሚሊዮን ብር በላይ ወለድ ይቀርልሻል። ባለ ሱቁ «ያኔ ምን ይገዛል» ይበል፤ እኔ ካርታውን ዘጠኝ ዓመት ቀድሜ ብቀበል አይከፋኝም።

ባለ ሱቁ
የኪራዩስ ይሁን፣ እኔም ብሆን አደርገዋለሁ። ቁም ሣጥኑን ግን ለእኔ ሽጪልኝ።

የአሳ ነጋዴዋ
ፋሲካ አልፎ ተመለስኩ። የተረፈን እንዳሰብኩት 60,000 አልሆነም፤ 52,000 ነው። 30,000ውን ለባንኩ አስገባሁ፣ 22,000ውን አስቀመጥኩ። በየወሩ እየጨመርኩ 83,000 አደርሰዋለሁ። ማመልከቻውን የሰጠኋት ልጅ «ለምን ጻፍሽ? በቃል ይበቃል እኮ» አለችኝ። እኔም «ማኅተም ምቺልኝ» አልኳት። አዲሱ ሰሌዳ ላይ ከመጨረሻው 19 ወር ያህል ጠፍቷል። ቅጣትም የለውም፤ ውሉን ሁለታችንም ቁጭ ብለን አነበብነው።

ሰርቪሱን አንድ የፖሊ ተማሪ ተከራይቶታል። ፍሪዘሩ ለመጪው ዓመት ጾም ይቆየን ብለናል፤ ባለቤቴ እስካሁን አኩርፏል። ባለ ሱቁ፣ ቁም ሣጥኑ አሁንም ግቢ ውስጥ ነው። ዝናብ ሳይመጣ ና ውሰደው።