«የልብ በር» ወይስ «የልብ መዝጊያ»?

ጠያቂ፣ ከቱሉ ዲምቱ፦ ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ባለፈው ሳምንት እናቴን ሐኪም ዘንድ ወስጃት ነበር። «አንደኛው ቫልቭ ጠቧል፤ ደግሞም በደንብ አይገጥምም» አለን። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ «ቫልቭ ምንድን ነው ልጄ?» አለችኝ። «የልብ በር ነው» አልኳት። «በር ከጠበበማ ይበልጥ ይገጥማል እንጂ እንዴት አልገጥም ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መልስ አጣሁ። ትክክለኛው ቃል የቱ ነው?

መላሽ፣ ከሱሉልታ፦ የእናትህ ጥያቄ የቋንቋ ጥያቄ ነው፤ እግዜር ይስጣቸው። በር ማለት የሚገባበትና የሚወጣበት ክፍቱ ቦታ ነው። ከሳንቃ ወይም ከቆርቆሮ ተሠርቶ የሚከፈት የሚዘጋው ግን መዝጊያ ይባላል። ዛሬ ሁለቱንም «በር» እያልን ነው የተምታታብን። ሐኪሙ የነገራችሁ ሁለት ነገር ነው፤ በሩ ጠቧል፣ መዝጊያው አይገጥምም። በልጅነት ሳይታከም ከቀረ የቶንሲል ሕመም በኋላ የሚመጣው የልብ በሽታ ሁለቱንም ሊያስከትል ይችላል። የመዝጊያዎቹ ጠርዝ ይወፍራል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ያኔ ወለል ብለው አይከፈቱም፣ ሲዘጉም ክፍተት ይተዋሉ። በግራ በኩል፣ በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለው በር በጤናማ አዋቂ ሲከፈት ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ይሰፋል። 1.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሐኪሞች ከባድ ጥበት ይሉታል።

እንቅስቃሴው ደግሞ ልብ ይበሉልኝ። መዝጊያውን የሚገፋ እጅ የለም፤ ደሙ ራሱ ገፍቶ ይከፍተዋል፣ ሊመለስ ሲል ደግሞ ራሱ ይዘጋዋል። የእኛን ሰፈር ነፋስ የሚያውቅ ይህን አይስተውም፤ የግቢዬን የቆርቆሮ መዝጊያ ሌሊቱን ሲያላጋው ያድራል። «ድም ድም» የምንለውም የመዝጊያዎቹ የመዘጋት ድምፅ ነው። ፊተኛው ድም በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያሉት ሁለቱ ሲዘጉ፣ ኋለኛው ወደ ትልልቆቹ ደም ሥሮች የሚያወጡት ሁለቱ ሲዘጉ ይሰማል።

ሌላ አባል፣ ከቡራዩ፦ ስለ ቅርጹ ልጨምር። በግራ ያለው ባለ ሁለት ተካፋች ነው፣ እንደ መስኮት። ሐኪሞች የሚጠሩበት «ሚትራል» የሚለው ስሙ የመጣው ከምዕራባውያን ጳጳሳት ባለ ሁለት ጫፍ ቆብ ነው፤ የእኛን ጳጳሳት ቆብ ለሚያይ ሰው ምስሉ አይመጣለትም። በቀኝ ያለው አቻው ሦስት ተካፋች አለው። ሁለቱም ነፋስ እንደገለበጠው ጃንጥላ ወደ ላይ እንዳይገለበጡ ከታች በቀጫጭን ጅማቶች ተወጥረው ተይዘዋል። የመውጫዎቹ መዝጊያዎች ግን ጅማት የላቸውም። እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ኪሶች ናቸው። ደም ሊመለስ ሲል ኪሶቹ ይሞላሉ፣ ተነፍተው ይገጥማሉ። እኔ «ኪስ መዝጊያ» ብላቸው ደስ ይለኛል።

ከሱሉልታው፦ ኪስ መዝጊያ! ወድጄዋለሁ። በነገራችን ላይ «ጥበት»ን ከ«ጥበብ» ጋር የምታዛምዱ ካላችሁ፣ ግዕዙ ይለያቸዋል፤ ጠባብ የሆነው ጸበበ፣ ብልህ የሆነው ጠበበ ነው። በአማርኛ ጸ ወደ ጠ ሲዞር ተመሳሰሉ።

ጠያቂ፦ ሁሉንም ለእናቴ አነበብኩላት። «ታዲያ የእኔ በሩም መዝጊያውም ነው በለኛ» አለችኝ። ቀጠሮዋ ማክሰኞ ነው፤ በሩ ስንት ካሬ ሴንቲሜትር እንደቀረው ሐኪሙን እጠይቀዋለሁ።