ለአብነት ተማሪዎች በኑዛዜ ድርሻ መተው፤ እንዴት ቢደረግ ይጸናል?

ጥያቄ (ከቢቸና)

ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ያፈራነው መኖሪያ ቤት፣ አንድ የእህል ወፍጮና የተወሰነ የባንክ ተቀማጭ አለን፤ ሦስቱ ልጆቻችንም ራሳቸውን ችለዋል። የሁለታችን ምኞት ከእኛ በኋላ ከተቀማጩ ከፊሉ ለዲማ ጊዮርጊስ የአብነት ተማሪዎች ቀለብና ልብስ እንዲውል ነው። ልጅ ሳለሁ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግበው «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚሉትን ተማሪዎች እናቴ አንድም ቀን ባዶ እጃቸውን አልመለሰችም፤ እኔም ይህ እንዲቀጥል እወዳለሁ።

የሚያስፈራኝ ግን የአጎቴ ነገር ነው። ሊያርፉ ሲሉ የንስሐ አባታቸውንና ሁለት ሽማግሌዎችን አስጠርተው «የወፍጮው ገቢ ለተማሪዎቹ ይሁን» ሲሉ ራስጌያቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። ቃሉ በጽሑፍ አልሰፈረምና በኋላ ክርክር ተነሥቶ ሳይፈጸም ቀረ። እኛስ ለሁለታችን አንድ ወረቀት ብንጽፍ ይበቃናል?

መልስ (የሕግ ባለሙያ፣ ከደብረ ማርቆስ)

እናታችን፣ በአጎትዎ የደረሰው በአካባቢያችን ደጋግሞ የሚያጋጥም ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሞቱ መቃረቡ የተሰማው ሰው ለሁለት ምስክሮች በቃል እንዲናዘዝ ይፈቅዳል፤ ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ ማዘዝ የሚቻለው ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች አሳዳሪ፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። የወፍጮ ገቢ በቃል ኑዛዜ አይተላለፍም።

ስለዚህ በጽሑፍ ያድርጉት፤ አንድ ወረቀት ለሁለት ግን አይሆንም። ሕጉ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰነድ ላይ የሚያደርጉትን ኑዛዜ ፈራሽ ያደርገዋልና እርስዎም ባለቤትዎም የየራሳችሁን ጻፉ፤ እያንዳንዳችሁም ማዘዝ የምትችሉት ከጋራው ንብረት በግል ድርሻችሁ ላይ ብቻ ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በእርስዎና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡና ቀኑም በዚያው ጽሑፍ ላይ መጠቀስ፣ ወዲያውኑም ሁላችሁም መፈረም አለባችሁ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። «ተነበበ» የምትለዋን ቃል እንዳትዘነጉ አደራ እላለሁ፤ በእርሷ መጉደል ብቻ የፈረሰ ኑዛዜ አጋጥሞኛል። ሙሉ በሙሉ በራስዎ እጅ ጽፈው፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጸው፣ በየገጹ ቀን ጽፈው ቢፈርሙም ይጸናል፤ ነገር ግን ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ከ7 ዓመት በኋላ ዋጋ ያጣል።

ልጆችን ከውርስ መንቀል ሌላ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱ በግልጽ መጻፍ አለበት። እርስዎ ከተቀማጩ ከፊሉን ብቻ ስለሚሰጡ ያ አያሰጋዎትም። ይልቁንስ የቀብር ወጪ፣ የውርስ ማጣሪያው ወጪና ዕዳ ከስጦታው በፊት እንደሚከፈሉ ያስቡበት።

መልስ (የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ ከደብረ ኤልያስ)

«ለተማሪዎች» ብቻ ብለው አይጻፉ፤ ተማሪ ዛሬ አንዱ ጉባኤ ቤት ነገ ሌላው ዘንድ ነውና ገንዘቡን ማን ተረክቦ ይፈርማል? የደብሩን ሙሉ ስም ጠቅሰው፣ ተቀባዩ ሰበካ ጉባኤው መሆኑን፣ ዓላማው ቀለብና ልብስ ብቻ መሆኑን፣ ጉባኤ ቤቱ ቢዘጋ ደግሞ ለየትኛው እንደሚተላለፍ ይግለጹ። አስፈጻሚም ይሹሙ።

የንስሐ አባትዎ በዚያው ደብር የሚያገለግሉ ከሆነ ምስክር ባይሆኑ ይሻላል። ሕጉ በመጨረሻዎቹ 6 ወራት በመንፈሳዊ አገልግሎት ለረዳ ካህን፣ ለምስክርም፣ የተተወን ስጦታ ፍርድ ቤት እንዲቀንሰው ወይም እንዲሽረው ይፈቅዳል። ስጦታው የእርሳቸው የግል ባይሆንም፣ ለተከራካሪ በር መክፈት አያስፈልግም።

መልስ (ከፍኖተ ሰላም)

አባቴ ኑዛዜውን ከመፈረሙ በፊት አራታችንንም ሰብስቦ አነበበልን። ታላቅ ወንድማችን መጀመሪያ ከፍቶት ነበር፤ አባታችን ግን በልጅነቱ ያንኑ አኩፋዳ ተሸክሞ እንደተማረ ሲነግረን፣ ያላወቅነው ታሪክ ነበርና ሁላችንም ዝም አልን። ዛሬ የተማሪዎቹን ድርሻ በየዓመቱ ይዞ የሚሄደው ያው ወንድማችን ነው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጆቼ ለፋሲካ ሲሰበሰቡ ሁለቱንም ረቂቅ አነብላቸዋለሁ፤ ከበዓሉ በኋላም ከባለቤቴ ጋር ወደ ውል አዋዋይ እንሄዳለን።