ከቆዳ ነፃ ጫማ ሲገዛ ምን ይታያል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከእንስሳ ቆዳ ፈጽሞ ነፃ የሆነ ጫማ እፈልጋለሁ። ሻጮች «ቆዳ አይደለም» ሲሉ ብዙ ጊዜ የላዩን ብቻ ነው። ገበሩንና ማስቲሹን (ከእንስሳ የሚሠራም ስላለ) እንዴት ላጣራ? በኢንተርኔት ስገዛስ?

መልስ 1፦
በአውሮፓ ኅብረት በሚሸጥ ጫማ ላይ ሦስት ክፍሎች በምልክት ይገለጻሉ፦ የላይኛው፣ ገበሩ ከውስጥ ንጣፉ ጋር፣ የታችኛው ሶል። የተዘረጋ ቆዳ ቅርጽ ቆዳ ነው። ቅርጹ ውስጥ ትንሽ የዳይመንድ ቅርጽ ካለ የተለበጠ ቆዳ፣ ማለትም ላዩ በሌላ ቁስ የተሸፈነ እውነተኛ ቆዳ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዳይመንዱ ብቻውን ከሆነ ሌላ ቁስ፣ መረብ ከሆነ ጨርቅ። ምልክቱ የሚናገረው ግን ቢያንስ 80 በመቶውን ስለሚይዘው ቁስ ነው፤ ትንሽ ጌጥ ወይም ጠርዝ ቆዳ ሊሆን ይችላል። ስለ ማስቲሽ ምንም አይልም፤ አምራቹን በጽሑፍ ጠይቁ።

መልስ 2፦
ካሞሽና ኑቡክም (ላያቸው እንደ ከፋይ የለሰለሰ) ቆዳ ናቸው፣ «ሰው ሠራሽ» ካልተባለ በስተቀር። በኢንተርኔት የላዩን ብቻ የሚጠቅስ ሻጭ ካጋጠማችሁ ስለ ገበሩና ንጣፉ ሳይመልስ አትክፈሉ። የክረምት ጫማ ከሆነ ገበሩ ሱፍ እንዳይሆን ጨምራችሁ ጠይቁ። እግራችሁን ማታ፣ አበጥ ሲል ለኩ፤ ከረጅሙ ጣት ፊት 1 ሴንቲሜትር ያህል ክፍት ይቅር። ሰው ሠራሽ ቁስ እንደ ቆዳ አይሰፋም፤ «ሲለበስ ይለቃል» የሚለውን ምክር አትስሙ።

መልስ 3፦
በቅናሽ የሚሸጥ የቆየ ክምችት ላይ ተጠንቀቁ። የፖሊዩሬታን (የፕላስቲክ ዓይነት) ሶል ባይለበስም እርጥበት ውስጥ ውስጡን ይበላዋል፤ ከዓመታት በኋላ ይፈረፈራል። ፒቪሲ የሚባለው ሌላ ፕላስቲክ ደግሞ በብርድ ይደርቅና መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። ለየዕለቱ ጥሩ ማይክሮፋይበር (ከቀጭን ሰው ሠራሽ ክሮች የተሠራ ቁስ) ይሻላል።